የክርስትና ስሙን ሳናውቅ ለቀበርነው አባቴ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሦስት ቀን ሆነ። እኔና አንተ በዓይን ከተያየን ግን ሦስተኛ ዓመታችንን ይዘናል፤ አንተ አፈር ስትለብስ እኔ ህንድ ነበርኩ፣ ለቅሶህንም የተቀመጥኩት ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ነው። ይህን የምጽፍልህ ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር፣ ቤታችን በረንዳ ላይ ሆኜ ነው። እማዬ ዳቦ ልትሰለፍ ወጥታለች። ከመጀመሬ በፊት ተነስቼ ከአጥሩ ውጭ ማን እንደቆመ አየሁ። ማንም አልነበረም። ምን ላድርግ፣ ያሳደግከኝ አንተ ነህ።

የቤቱን ነገር ብታይ ትደነግጣለህ። በሰንሰለት የምታስረው የቆርቆሮ በር አሁን ቀን ቀን ክፍት ነው የሚውለው። የዚህን አገር መንግሥት የጣለው ሰልፍ በጦፈበት ሰሞን አስለቃሽ ጭስ ያሳደዳቸው የሰፈር ወጣቶች በሩን ሲደበድቡ እማዬ ከፍታ አስገባቻቸው፣ ፊታቸውን አጠበችላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሰንሰለቱን ያየው የለም። ጎረቤታችን ሐጃ ሱዓድ ሳታንኳኳ ትገባለች። በሩን እያየህ የምትቀመጥበት ወንበርም ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ መስኮቱ ሥር ሆኗል። ልጆች ኳስ ሲጫወቱ «ሑሪያ፣ ሰላም፣ ወ ዐዳላ!» እያሉ ነው፤ ነጻነት፣ ሰላም፣ ፍትሕ የሚለውን የሰልፉን መፈክር። ሻይ ሻጯ ጋ የተሰበሰቡት ወንዶች ባለሥልጣን በስሙ እየጠሩ ይሳደባሉ፣ ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ አያደርጉም። እኔ ግን እዚያ ስቀመጥ ከመካከላቸው የማይሳደበውን ሰው እፈልጋለሁ። ሁሉም ሲናገር ዝም ያለውን እዪ ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። መንግሥቱ ወድቋል ይሉኛል፤ እሺ ወድቋል፣ ጆሮዎቹስ የት ሄዱ? ጡረታ ወጡ? እንዲህ ስላት እማዬ «አባትሽ ሞቶም አልተወንም» ብላ ትስቃለች።

ህንድ ምን ትመስላለች ብለህ ጠይቀኸኝ አታውቅም፣ ስልክ ይጠለፋል ብለህ። አሁን ልንገርህ። ህንድ ሰው የሚጠያየቅባት አገር ናት። ሃይደራባድ በገባሁ በሳምንቱ የማላውቀው ሰው ሁሉ ደሞዜን፣ ለምን እንዳላገባሁና የአባቴን ሥራ ጠይቆኝ ነበር። ደሞዜን አውቆ ለማን ሊነግር ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ጊዜ ባቡር ውስጥ አንዲት ሴትዮ ምሳዋን ከፍታ ግማሹን እያካፈለችኝ ከየት ነሽ አለችኝ። ኬንያዊት ነኝ፣ አስተማሪ ነኝ፣ ስሜ ግሬስ ነው አልኳት። በአንድ ትንፋሽ ሦስት ውሸት። ሴትዮዋ ደስታዋን አልቻለችውም፤ ለካ ወንድሟ ናይሮቢ ሱቅ አለው። እዚያው ደውላ ስልኩን አቀበለችኝ። ሰውዬው በስዋሂሊ ሰላም ሲለኝ የተቋረጠ አስመስዬ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ አራት ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ሩዟን በላሁ። እሷም አንድ ጥያቄ አልጨመረችም፤ እስካሁን ትዝ ባለኝ ቁጥር አፍራለሁ።

ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ቁጥጥር ነኝ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ነገር እንክብሉ ውስጥ መኖሩን አለማመን ነው እንጀራዬ። ጓደኞቼ መጠርጠርን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተማሩ፣ እኔ ከቤቴ ይዤው ሄድኩ።

ያ አገር ደግሞ የአባት ስም ካልተጻፈበት የሚያልፍ ወረቀት የለውም። ሲም ካርድ ሲያወጡ የአባት ስም፣ ቤት ሲከራዩ የአባት ስም፣ የግቢው ዘበኛ መዝገብ ላይ እንኳ የአባት ስም። እኔም ሰሎሞን፣ ሰሎሞን እያልኩ ሞላሁ። ሰሎሞን የስደተኛ ወረቀትህ ስም እንጂ እናትህ ያወጣችልህ እንዳልሆነ እናውቅ ነበር። እማዬ እውነተኛውን ንገረኝ ብላ ስትለምንህ «የማታውቂውን ነገር ማንም አያወጣጣሽም» አልካት። ከአገርህ ስትሸሽ ስምህን ይዘው የሚያድኑህ ሰዎች ነበሩ፣ እሱ ይገባናል። ግን እነዚያ ሰዎች ከወደቁ እኮ የኔን ዕድሜ ያህል ሆናቸው።

አከራዬ አንቲ የምንላት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ቤቱን ስትሰጠኝ ሥጋ እንዳላበስል አስምላኛለች። የዓመቱን ግማሽ እጾማለሁ ብላት ትንሽ አመነችኝ፤ አምናኝም ደረጃው ላይ ቆማ ታሸታለች። እውነቱን ልንገርህ፣ ስትጠረጥረኝ ቤቴ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። ሂንዱዎቹ ዝናቡ ሲያባራ ሙታናቸውን የሚያስቡበት ሁለት ሳምንት አላቸው። ልጇ መጥቶ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም እየጠራ ውሃ ያፈሳል፣ ለቁራዎችም ሩዝ ያወጣል። አንቲ አንተን ማጣቴን ታውቅ ነበርና የአባትሽን ስም ንገሪኝ፣ እኔም በልቤ እጠራዋለሁ አለችኝ። ሰሎሞን አልኳት። አልኩና ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ።

ለምን አለቀስኩ መሰለህ? እማዬ ነግራኝ ነበር። ፍትሐት ሲደረግልህ ቄሱ የክርስትና ስሙ ማነው ብለው ጠየቁ፣ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ንስሐ አባት እንኳ አልያዝክም፣ ማን ይወቀው? ቄሱ ግራ ቢገባቸው «ስሙን አንተ የምታውቀው አገልጋይህ» ብለው አለፉ። አባዬ፣ ሰው ከጠላት ይደበቃል፤ ከጸሎት ይደበቃል እንዴ? ተናደድኩብህ። እወድሃለሁ፣ ግን ተናደድኩብህ።

ለሙት ዓመትህ ፈቃድ ወስጄ መጣሁ። ከዕለቱ በፊት ቄሱን ስናነጋግር ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ። ያኔ እማዬ መሬት መሬት እያየች፣ ስሙን የሚያውቀው ደምሴ ብቻ ነው አለችኝ።

ጋሽ ደምሴ! ከወንዙ ማዶ፣ ኦምዱርማን ገበያ የልብስ ስፌት መኪና የሚጠግነው ያገርህ ልጅ። እኔ ሳልወለድ፣ አንተንና ጓደኞችህን በሙሉ የካርቱም ደኅንነቶች ከአንድ ቤት ለቅመው ሲያስሩ ብቻውን ውጭ የቀረው። አራት ወር ታስረህ ከወጣህ በኋላ የጠቆመን እሱ ነው አልክ፤ ለኛም «ቤታችን ይብላ ይጠጣ፣ ወሬ ግን እንዳትሰጡት» ብለህ አዘዝከን። በየበዓሉ ይመጣ ነበር። ትስመዋለህ፣ ከዚያ እስኪሄድ ድረስ ስለ አየር ጠባይ ታወራዋለህ። ስትሞትም እማዬን ሳጥኔን ደምሴ እንዳይሸከም አልካት፤ ሊሸከም ሲጠጋ ክንዱን ይዛ መለሰችው። እሱም ከደጅ ተመልሶ ሄደ፣ ፍትሐቱ ላይ አልነበረም። አንተን ክርስትና ያነሳህ የሱ አባት መሆኑን የነገራት ከአርባህ በኋላ ነው። እሷ ግን ቃልህን አክብራ፣ ዓመት ሙሉ ስምህን ሳትጠይቀው ቆየች።

እኔ ልጠይቀው ሄድኩ። ማመን ግን አላመንኩትም፤ ሆን ብሎ የሌላ ሰው ስም ቢሰጠንስ? ሥራ ቦታ መሣሪያው ይዋሽ እንደሆነ ለማወቅ ምንም መድኃኒት የሌለበት ናሙና እናስገባበታለን፤ አገኘሁ ካለ ውሸታም ነው። ድልድዩን በአውቶብስ ስሻገር ያንኑ አሰብኩ። ሱቁ ገብቼ ሰላምታው እንዳለቀ፣ ስሙን እኮ አገኘነው፣ ገብረ መስቀል ነው አይደል አልኩት። ደንታ የሌለው ሰው አዎ ብሎ ይገላገለኝ ነበር።

መነጽሩን አወለቀ። ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ሐራም ዐለይኪ! ነውር አይደለም?» አለኝ። «ለሞተ ሰው ስም ይፈጠርለታል? ማነው ያለሽ?» እጄን ያዘኝና ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። እኔም አፍሬ፣ ካፈርኩ አይቀር ብዬ እናንተ የታሰራችሁ ቀን እሱ ለምን እንዳልተያዘ ጠየቅኩት። አውቶብሱ ድልድይ ላይ ተበላሽቶ አርፍዶ ነበር፤ ሲደርስ በሩ ላይ መኪና ቆሞ አየና ዝም ብሎ አለፈ። ይኸው ነው። «ለአባትሽ አንድ ጊዜ ነገርኩት፣ አልተቀበለኝም። ወላሂ ሁለተኛ አልነገርኩትም» አለ።

ስሙን ለኔ አልነገረኝም። የክርስትና ስም ገበያ መሀል አይጠራም፣ ካስገባችሁኝ ለቄሱ እነግራለሁ አለኝ። ልወጣ ስል ሲሞት ስሜን አንስቶ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላነሳም አልኩት። ጥቂት አየኝና መነጽሩን አደረገ። መዋሸቴን ያወቀብኝ ይመስለኛል።

ስመለስ አውቶብሱ ውስጥ ነው ነገሩ የበራልኝ። አራቱን ወር ሙሉ እስር ቤት ሲያፋጥጡህ የነበረው ሰሎሞን እያሉ ነው፣ አንተው ነህ የነገርከን። እውነተኛውን ስም ቢያገኙት ኖሮ አስረው ለአገርህ ሰዎች ያስረክቡህ ነበር፣ እኔም አልወለድም ነበር። ጓደኞችህ እንኳ ሰሎሞን ነበር የሚሉህ። እናትህ ያወጣችልህንም የክርስትናውንም ስም ካርቱም ውስጥ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም ውጭ የቀረው ሰውዬ ነው። አባዬ፣ ይህን አንተ እንዴት አላሰብከውም? ወይስ አስበኸው፣ ይቅርታ ማለቱ ከበደህ? ሁለተኛውን ነው የምጠረጥረው።

በሙት ዓመትህ ዕለት ነጠላውን አጣፍቶ መጣና ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ቆመ። እማዬ ሄዳ ክንዱን ይዛ አስገባችው። ለቄሱ በጆሯቸው ነገራቸው፣ እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠሩህ። መጀመሪያ የሌላ ሰው ተዝካር ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ዘወር ስል ጋሽ ደምሴ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ያለቅሳል። ጾም ነውና ሽሮና ምስሩ ከተበላ በኋላ እኔና እማዬ ጉልበቱን ይዘን ይቅር በለን አልነው። ስላንተም ጭምር ነው ያልነው፣ ሳናስፈቅድህ። ቅር ካለህ ይበልህ፤ ተሳስተህ ነበር።

አልዋሽህም፣ ጥርጣሬዬ ሙሉ በሙሉ አልወጣም። የሚያመሳክርልኝ ሰው በሕይወት የለም፤ ከሱ ቃል በቀር ማረጋገጫ የለኝም። እንዲያም ሆኖ ስሙን ወስጄዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ህንድ እመለሳለሁ፤ የትም ብሆን በየዓመቱ ባረፍክበት ቀን በዚያ ስም እጠራሃለሁ። አልረሳህም፣ ደምሴን የበደልከውንም አልረሳም፣ ሁለቱንም አብሬ ነው የምይዘው።

ደብዳቤውን ግን ሌላ ሰውም ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ ስምህን እዚህ አልጽፈውም፣ የኔንም እንዲሁ። ማን እንደሚያነበው ማን ያውቃል?

ልጅህ