ሦስት ደምሬ ስድስት ሳልቀንስ

ረቡዕ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2008

ከሮቤ በአሥራ አንድ ተኩሉ ሚኒባስ ተመለስኩ። ጎባ ዝናብ። መዝገብ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከአቧራ ጋር ስታገል ዋልኩ። ማታ ጁፒተርን ጨረስኩት። የተጣለ የፋይል ሽፋን ላይ፣ በውሃ ቀለም። ቡናማው ፋይል ለጁፒተር የተሠራ ነው፣ ግማሹን ሥራ ይሠራልሃል። እማዬ መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየችና፣ "ይሄ ደግሞ የተገመሰ ሽንኩርት ነው?" አለች። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ይቅር ብያታለሁ።

ፎቶ አንስቼ ልለጥፈው ብል ዳታ የለም። ከወሩ መግቢያ ጀምሮ እንዲሁ ነው፣ ሲመጣ ሲሄድ...

ሐሙስ፣ ነሐሴ 12

ዳታ መጣ። ጁፒተር ተለጠፈ። መቶ አርባ ላይክ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ፌስቡኩን "የባሌ ሰማይ" ብዬ ስከፍት ቢሮ ውስጥ ስቀውብኝ ነበር። ፍቅረየሱስ አበደ ተባለ። አሁን አንድ ሺህ አንድ መቶ ጓደኛ አለኝ። ይሳቁ።

ቀድሞ የሚጽፍልኝ ሁልጊዜ ያው የገሰራው በያጅ ነው። ወዚር ይባላል። በአካል አላውቀውም፣ የብረት በር እንደሚሠራ ከፎቶው አይቻለሁ። ግማሽ አማርኛ፣ ግማሽ ኦሮምኛ ይጽፋል። ዛሬም በኦሮምኛ አመስግኖ፣ "ገለቶማ ጋሼ፣ ያ ቀዩ ነጥብ ምንድነው?" አለ። ከመሬት የሚሰፋ ማዕበል ነው አልኩት። "የእኛን የገሰራን ክረምት አላዩም ማለት ነው" ብሎ መለሰልኝ። ብቻዬን ሳቅኩ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 16

ፍልሰታ ተፈታ። እማዬ ደስ ብሏታል።

እኔ ግን በግኜ ዋልኩ። በየዓመቱ ነሐሴ ሲመጣ የሚዞር ውሸት አለ፤ ማርስ ጨረቃን አክላ ትታያለች የሚል። አንዱ ጓደኛዬ ገልብጦ ለጠፈው። ልኩን ነገርኩት። "ሰው ሳያጣራ ለምን ይለጥፋል?" ብዬ በረጅሙ ጻፍኩበት። ሰውየው አፈረ መሰለኝ፣ አጠፋው። ጥሩ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 18

ትልቁ ቀን እየመጣ ነው። ነሐሴ 26 ሐሙስ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ሙሉ አይደለም፣ ለእኛ የሚደርሰን ንክሻው ነው። ቢሆንም...

ሰዓቱን ያገኘሁት ከውጭ ድረ ገጽ ነው። በግሪንዊች ሰዓት ነው የጻፉት። ሲጀምር 7:20፣ ሲጎላ 8:50፣ ሲያልቅ 10:15 ገደማ። እኛ በሦስት ሰዓት እንቀድማቸዋለን። ሦስት ደመርኩ። 10:20፣ 11:50፣ 1:15። በሥዕል አድርጌ ለጠፍኩት፦ ጥቁር ካርቶን፣ ግማሽዋ የተበላ ብርቱካንማ ፀሐይ፣ ከሥር ሰዓቶቹ በነጭ። ቆንጆ ሆኗል። ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ጎባ ኳስ ሜዳ ኑ፣ አብረን እናያለን ብዬ ጨመርኩበት። ሁለት መቶ አሥር ላይክ!

ሐሙስ፣ ነሐሴ 19

ሰው ለምን ዝም ማለት አይችልም?

ወዚር ሁሉም በሚያየው ቦታ ላይ ጻፈ። "ጋሼ፣ 1:15 ላይ ያልቃል ብለዋል። በአንድ ሰዓት ፀሐይ የለችም እኮ። ምናልባት ጠዋት ይሆን?" ከሥሩ ወዲያው ሦስት ሰው "እውነትም" አለ። ደሜ ፈላ። ፀሐይ ተበልታ ልትጠልቅ አትችልም እንዴ? በየዓመቱ የሆነ አገር እንደዚያ ትጠልቃለች! "አንተ ብረትህን በይድ፣ ሰማዩን ለሚያውቀው ተው" ብዬ መለስኩለት። ከዚያ ብሎክ አደረግሁት። ከዚያ የእሱንም የእኔንም ጽሑፍ አጠፋሁ።

ቁጥሩን ግን መልሼ አላየሁም። ለምን አያለሁ? ሦስት መደመር አያቅተኝም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 25

የነገውን ፈቃድ አለቃዬ ፈረመልኝ። "ለፀሐይ ነው?" አለ። አዎ አልኩት። ሃምሳ ስልሳ ሰው ይመጣል ብዬ አስባለሁ። ዳታ እንዳይጠፋ ብቻ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 26። ረፋድ

ሰማዩ ጥርት ብሏል። እስከ አሥር ሰዓት እንዲህ ቢቆይልኝ... በክረምት ከሰዓት በኋላ አይታመንም።

አምስት ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ ፀሐይ የምናይበትን መመልከቻ ከካርቶን ስሠራ እማዬ ከማድቤት ጠራችኝ። ምስር እየለቀመች ነበር። የማድቤቱ ቆርቆሮ ምስማሩ የወጣበት ሁሉ ቀዳዳ ነው፣ በዚያ ብርሃን ጠብ ጠብ ይላል። "ፍቅሬ፣ ና እስቲ። ሰፌዱ ላይ ያለው ብርሃን ዛሬ ተነክሷል" አለችኝ። ቆርቆሮው ስለላላ ነው አልኳት ከተቀመጥኩበት። "ቆርቆሮውማ የትናንቱ ነው። ሁሉም በአንድ ወገን ተነክሷል እኮ" አለች። ሥራ ይዣለሁ እማዬ አልኩ። አሁን ልብሴን ልቀይር።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 26። ማታ

ስልሳ ሰው አይደለም፣ መቶ ሃምሳ ይሆናል የመጣው። ከሮቤም በሁለት ሚኒባስ መጥተዋል። ሽማግሌዎች ነበሩ። ሕፃን ያዘሉ እናቶች ነበሩ። አሥር ሰዓት ከሃያ ሆነ፣ ደመና። አሥራ አንድ ሆነ፣ ደመና። ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ትንሽ ተገለጠች፣ በካርቶኑ አየናት። ድፍን ክብ። ምንም የጎደላት ነገር የለም። ወዲያው ተሸፈነች። አንድ ሽማግሌ "ደመናው በላብን አይደል?" አሉኝ። አዎ፣ ደመናው ነው አባቴ አልኳቸው። ሁሉም ይህንን ተቀበለ። አመስግነውኝ ሄዱ።

ቤት ገብቼ ድረ ገጹን ከፈትኩ። ሦስት ስደምር የማገኘው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ለእኛ ከዚያ ላይ ስድስት መቀነስ ነበረብኝ። 4:20፣ 5:50፣ 7:15። ጠዋት! መዝገብ ቤት የፈረንጅ ሰዓት ያለበት ደብዳቤ ሲመጣ ስድስት የምቀንሰው እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ።

ማድቤት ሄጄ ለእማዬ ነገርኳት። ያየሽው እሱ ነው፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ የገባው የፀሐይዋ መልክ ነው አልኳት። "ጠርቼህ ነበር" አለች። እራቴን አቀረበችልኝ። አልበላሁም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 27

ደመናው ነው ብዬ ዝም ልል ወስኜ ነበር። እውነቴን ነው። ማንም አላወቀብኝ።

ቢሮ ስገባ ጤቤ፣ የሒሳብ ክፍሏ፣ እየሳቀች መጣች። ትናንት ለእናቷ ተዝካር ገሰራ ነበረች። "እናንተ ጋ ደመና በላባችሁ አሉ። እኛ ግን አየን። አንድ በያጅ ጠዋት በብየዳ መስታወት ከተማውን ሙሉ አሰልፎ አሳየ" አለችኝ። በያጁን ማን ይሉታል ብዬ አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 28

ብሎኩን አነሳሁለት። ይቅርታ ብዬ ልጽፍ አሥር ጊዜ ጀመርኩ። ዳታ ጠፋ። ሰበብ ሆነልኝ።

እሑድ፣ ነሐሴ 29

ገሰራ ሄጄ መጣሁ። መንገዱ ጭቃ፣ ወገቤ ተቆርጧል።

በያጁን ጠየቅሁ፣ ሁሉም ያውቀዋል። ሠላሳ ቢሆነው ነው። ቀጭን፣ ክንዱ ሁሉ የእሳት ፍንጣሪ ጠባሳ። ስሜን ስነግረው መዶሻውን ጥሎ ተነሳ።

"ጋሼ... ተፈቱ?" አለኝ።

ምን እንደሚል አልገባኝም። አስቀምጦ ነገረኝ። "የባሌ ሰማይ" በድንገት ከስልኩ ጠፋ። መጀመሪያ ኔትወርክ መሰለው። ኔትወርኩ ሲመለስም የለም። ዘንድሮ ክረምት ሰው ሲጠፋ ምን ይታሰባል? ታስረዋል ብሎ ነው ያሰበው። ጁምዓ መስጊድ ውስጥ ዱዓ አድርጎልኛል። ለእኔ! ሐሙስ ጠዋት ደግሞ፣ ሰዓቱ ጠዋት ነው ብሎ ስላመነ፣ መስታወቱን ይዞ ወጣ። ለሰዉ ሁሉ "ያስተማሩኝ የጎባው ጋሼ ናቸው፣ አሁን የት እንዳሉ አላህ ያውቃል" እያለ አሳየ።

የጻፍኩበትን ስድብ አላየውም። ከማየቱ በፊት ነው የዘጋሁበት። ኔትወርክ ነው ብል ያልቅ ነበር። ሻይ አስመጥቶልኛል፣ ፊቱ በደስታ በርቷል... እንዴት ደስ ይላል እንደዚያ ዝም ማለት።

"አልታሰርኩም ወዚር" አልኩት። "እኔ ነኝ የዘጋሁብህ።"

ለምን አለኝ። ሰው ፊት ስላረምከኝ ነው አልኩት። የጻፍኩትንም ቃል በቃል ነገርኩት፣ ብረትህን በይድ ያልኩትን። መሬት መሬት አየ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

"በውስጥ መስመር መጻፍ ነበረብኝ" አለ በመጨረሻ። "ትልቅ ሰው በአደባባይ አይታረምም።"

እሱ እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ! አይደለም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩት። "ሻዩ ይቀዘቅዛል ጋሼ" አለኝ። ዓይኔን ግን አላየውም። እስከ መኪናው ሸኘኝ። የስልክ ቁጥሩን ሰጠኝ። መንገድ ላይ አለቀስኩ፣ በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ ሚኒባስ ውስጥ።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜ 1

ለጠፍኩት። ሐሙስ ግርዶሹን ያሳጣችሁ ደመና አይደለም፣ እኔ ነኝ። ሦስት ደምሬ ስድስት ሳልቀንስ ቀረሁ። ከገሰራ ወዚር አርሞኝ ነበር፣ ሰድቤ ዘጋሁበት። ግርዶሹን በትክክለኛው ሰዓት ለሰው ያሳየው እሱ ነው። ይቅርታ።

የማርሱ ሰውዬ ከሥር መጣ። "ሰው ሳያጣራ ለምን ይለጥፋል?" ብሎ ቃሌን መለሰልኝ። ስልሳ ሰው ሳቀበት። አላጠፋሁትም። እጄ ግን በላችኝ።

ሰኞ፣ መስከረም 2 ቀን 2009

አረፋ። ለወዚር ኢድ ሙባረክ ብዬ ላክሁ። አልመለሰም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 3

መለሰ። ኔትወርክ አልነበረም አለ። እውነት ይሆናል። ባይሆንም፣ ሊያኮርፈኝ ይገባዋል።

ዓርብ፣ መስከረም 6

ዛሬ ማታ ጨረቃ ላይ የመሬት ስስ ጥላ ያርፋል። ጨረቃዋን በግራጫ ቀባኋት፣ ጠርዟ ላይ ትንሽ ጭስ። ከመለጠፌ በፊት ሰዓቱን ለወዚር በመልእክት ላክሁለት። ከምሽቱ 3:54፣ እስቲ ቁጠርልኝ አልኩት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደወለ። ልክ ነው አለኝ። ቀጥሎ ግን፣ "ጋሼ፣ ስሱ ጥላ በዓይን ይለያል እንዴ?" አለ። እምብዛም አይለይም አልኩት። "እንግዲያው እሱን ከላይ ይጻፉ። ሰው በከንቱ ብርድ ላይ እንዳይቆም።"

ከላይ ጻፍኩት። ከሥር "ሰዓቱን ያጣራው ወዚር፣ ከገሰራ" ብዬ ስሙን አኖርኩ። አርባ ሁለት ላይክ ብቻ። የማይታይ ነገር ማን ይወዳል?

3:54 ላይ ጋቢዬን ደርቤ ግቢ ወጣሁ። ጨረቃዋ ያቺው ናት። እውነትም አይለይም። ደወልኩለትና አይታይም አልኩት።

"አዎ" አለኝ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። "እኔም ውጭ ቆሜ እያየሁ ነው።"