ሞቷል የተባለው ችግኝ

ውድ ባለቤቴ አስካለ፣

ከተለየሽኝ አሥረኛ ወር ሆነ። ወሬ ማስረዘም እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ የምጽፍልሽ ስለ ባልዲው ነው።

ልጃችን ሰናይት ሎረንስቪል የሚባል ከተማ ቤት ገዝታለች። ቅዳሜ ከዚህ ከዶራቪል ለቅቀን እዚያ እንገባለን። አምና ከጫካው ለቅመሽ ባልዲ ውስጥ የቀበርሽው ቆብ የደፋ የዛፍ ፍሬ፣ አንቺ ካረፍሽ በኋላ በቅሎ ስንዝር አክሏል። ያን ጊዜ ጥላውን ላታዪው ምን አደከመሽ ብዬሽ ነበር። ይኸው ውኃ ሳጠጣው የከረምሁት እኔ ነኝ። ሰሞኑን አምስቱም ቅጠሎቹ ደም መስለው ረገፉ። ሰናይትም ሞቷል፣ የደረቀ እንጨት መኪናዬ ላይ አልጭንም አለች።

ሞቷል ስትል የራሴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ከካርቱም በመጣን በመጀመሪያው መጸው፣ ቅጠሉ ሁሉ ቀልቶ ሲረግፍ አይቼ፣ የዚህ አገር ዛፍ በሽታ ገብቶበት እያለቀ ነው፣ ሕዝቡም ግድ የለው ብዬ ለወንድምሽ በካሴት ቀድቼ ላክሁ። አጠገቤ ሆነሽ የሳቅሽው ሳቅም አብሮ ሄደ። በመጋቢት ሁሉም ሲያቆጠቁጥ፣ እነዚህ ከበሽታው የተረፉት ናቸው አልሁሽ እንጂ መሳሳቴን አላመንሁልሽም።

ትናንት ብቻዬን ጫካ ገባሁ። ድሮ አንቺ እየጎነበስሽ ላባና የቀንድ አውጣ ቅርፊት ስትለቅሚ፣ እኔ ቀድሜሽ እሄድ ነበር። አሁን ጎንባሹ እኔ ሆንሁ። ምድሩ ቀይ፣ ቢጫ፣ ቡናማ ቅጠል ለብሷል። ያ ፍሬ የወደቀበትን ዛፍ አገኘሁት። ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ይዤ በመነጽር መረመርሁ። ጫፉ ላይ የስንዴ ፍሬ የሚያህሉ እንቡጦች ተቋጥረዋል። በጥፍሬ ፋቅ ባደርገው ልጡ ሥር አረንጓዴ ነው።

ቅርንጫፉን ሰብሬ አመጣሁና ከችግኙ ጎን ይዤ ለሰናይት አሳየኋት። ችግኙም ሦስት እንቡጥ አለው። ጎንበስ ብላ አየችው፤ ከዚያ እሺ አባዬ፣ ግን እግርዎ መሀል አድርገው ይያዙት አለችኝ። እይዘዋለሁ።

ለወንድምሽም አዲስ ካሴት ቀድቻለሁ። ዛፎቹ አልታመሙም፣ አስካለ ልክ ነበረች ብያለሁ። አጠገቤ የሚስቅ ስለሌለ አጭር ነው።

ችግኙን ከመኝታ ቤቴ መስኮት ፊት ለፊት እተክለዋለሁ። በየዓመቱ ሲቀላ ስምሽን እጠራለሁ። ሲራቆት ደግሞ ሞተ የሚል ሰው ካለ፣ ከእኔ ጋር ይከራከራል።

ባልሽ