የአባባ አንጀት በሰማያዊ መብራት

ሰኞ፣ ጭሮ
ዛሬም ሰገራቸው ደም ነበረው። አባባ ለእኔ መንገር አፍረው ለእማዬ ነገሯት፣ እሷ ለእኔ። የታናሽ ወንድማቸው የሰይድም እንዲሁ ነበር የጀመረው። ኪንታሮት ነው ሲባል ከርሞ፣ የአንጀት ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር። ነገ ሱቁን ዘግቼ አዳማ እወስዳቸዋለሁ። እምቢ ቢሉም።

ማክሰኞ፣ አዳማ
ሐኪሙ ወጣት ነው። ነገ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአንጀታቸው አስገብቶ ያያል። ኮሎኖስኮፒ ይሉታል። "እስከዚያ ምግብ የለም፤ ውሃና ይሄ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ብቻ" አለን። አባባ "ረመዳንን የጾመ ሰው ይሄ ያቅተዋል?" አሉ። መድኃኒቱን ግን እንደ ሕፃን ፊታቸውን አጨማደው ነው የጠጡት። ሳቅኩባቸው። ውስጤ ግን ፈርቷል።

ረቡዕ
አልሆነም! "አባትሽ ምን በልተው ነው? አንጀታቸው ቅጠል በቅጠል ነው። ሁለት ትንንሽ ነገሮች አይቻለሁ፤ ምን እንደሆኑ ግን መለየት አልቻልኩም" አለኝ ሐኪሙ።

ለካ ትናንት ውሃ ልገዛ ስወጣ፣ ስንመጣ ሚኤሶ ላይ በመኪናው መስኮት የገዟትን ጫት ሲቅሙ ነበር፤ ቅጠሉንም እየዋጡ።
"ምንም አይብሉ አልተባሉም?"
"ጫት ምግብ ነው እንዴ? ረሃቡን ይቁረጥልኝ ብዬ ነው።"
ጮህኩባቸው። "ሰይድ መጨረሻ ላይ ጫት እንኳ አስጠልቶት ነበር። እኔ ከቃምኩ ደህና ነኝ ማለት ነው ብዬ..." አሉ። መጮሄ ቆጨኝ።

ዓርብ
ትናንት መድኃኒቱን እንደገና ሲጠጡ ከጎናቸው አልተነሳሁም። ኪሳቸውንም ፈትሻለሁ።

ዛሬ ጠርቶ ታየ። ሐኪሙ ስክሪኑን አሳየኝ። ፖሊፕ የሚሏቸው፣ አንጀት ውስጥ የሚበቅሉ እብጠቶች ናቸው፤ ሁለቱም ከምስር ፍሬ አይበልጡም፣ መንታ ይመስላሉ። ከዚያ አንድ ነገር ሲጫን መብራቱ ሰማያዊ ሆነ። አንደኛዋ ገርጥታ ቀረች። በሌላዋ ላይ ቡናማ የደም ሥሮች ተጥመልምለው ወጡ።
"ያቺ የገረጣችው አትጎዳም፣ ትቀመጥ። ይቺ ግን ብትቆይ ካንሰር ልትሆን ትችላለች" ብሎ እዚያው ቆርጦ አወጣት።
"አሁንስ ካንሰር ሆና ይሆን?"
"አትመስልም። ማረጋገጫው ከላቦራቶሪ ይመጣል።"
ደሙስ? እሱ እውነትም ኪንታሮት ነው አለ።

ኮሪደር ላይ አለቀስኩ። ሰይድን በዚህ መብራት ማንም አላየልንም።

ቅዳሜ፣ መንገድ ላይ
ውጤቱ ገና ነው። እኔ የተቆረጠችዋን አስባለሁ፣ አባባ የተተወችዋን። "መብራቱ ቢሳሳትስ?" ይላሉ። ቦርደዴን አልፈን ሚኤሶ ስንቆም ጫት ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። አባባ አንድ እስር ገዙ። አልከለከልኳቸውም። እስሩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ገለምሶ ላለው ለሰይድ ልጅ ለጀማል ደወሉ።

"የአባትህ በሽታ በዘር ይሄዳል ይላል ሐኪሙ። አዳማ ሄደህ ትታያለህ፤ ወላሂ አልለቅህም። ስማ ደግሞ፣ ምግብ አትብላ ሲሉህ፣ ጫትም ምግብ ነው።"