ለቀጠነው መተንፈሻ ቱቦ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የቤቶች አስተዳደር የጥገና ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ በተለይም ጆሮዎ ደህና እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የሦስተኛው ፎቅ ተከራይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከአዲሱ ቦይለር ጋር እስካሁን አለሁ። ምስጋናዬን በአደባባይ የማቀርበው ውለታዎ በአንድ ቤት ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ጣሪያችንን ስላሳመሩልን አመሰግናለሁ። ከጣሪያው ታንከር በራሱ ክብደት የሚወርደው ውሃ ቦይለር ውስጥ ሲሞቅ፣ እንፋሎቱ ከታንከሩ በላይ አፉን ከፍቶ በቆመ የአንድ ኢንች ቱቦ ይተነፍስ ነበር። እርስዎ ግን ወፍራም ቱቦ ለዓይን አይስብም ብለው የሁላችንንም በግማሽ ኢንች አስቀየሩት። ቀጭኑን የውሃው ነጭ ዝቃጭ ቶሎ ይደፍነዋል ብለን ብናመለክት፣ «ሙቅ ውሃ ይመጣላችኋል አይደል?» የሚል አጭር መልስ ስለሰጡንም እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ እናታችንን ስለመለሱልን። እናታችን በሕይወት ሳለች ከአልጋ መነሳት ስላቃታት፣ አንዳች ነገር ስትፈልግ በከዘራዋ ግድግዳውን ትመታ ነበር፤ ታላቅ እህቴም የያዘችውን ጥላ ብድግ ትል ነበር። ቱቦው ከቀጠነ ወዲህ መውጫ ያጣው እንፋሎት ቦይለሩን ከውስጥ ይመታው ጀመር፤ ቦይለሩ በመታጠቢያ ቤቱ በኩል የተሰቀለው በዚያው በእናታችን ግድግዳ ላይ ነውና፣ ያው ግድግዳ፣ ያው ምት። እህቴ እየሳቀች «መጣሁ እማዬ» ትልና ሄዳ ታጠፋው ነበር። በኋላ ግን መሳቋን ትታ የምሯን መሄድ ጀመረች። የመጨረሻው ዕለት ድንች እየላጠች ሳለ ግድግዳው ተመታ፤ ቢላውን አስቀምጣ «መጣሁ» ብላ ገባች፤ ቦይለሩም ፈነዳ። ለዚህኛው የምስጋና ቃል አጥቻለሁ።

ሦስተኛ፣ አዲስ ቦይለር በፍጥነት ስለተከሉልን፤ ከዚያው ከግማሽ ኢንች ቱቦ ጋር። ይኸው ደግሞ ይመታል። እናቴ ትሁን እህቴ መለየት አቅቶኛል። እፈራለሁ፤ እግሬ ግን ሳላዘው ይነሳል። ከእኔ በታች ባለው ቤት ሕፃናት ይታጠባሉ፤ የእነሱም ቦይለር መምታት ጀምሯል።

አራተኛና ዋነኛው፣ አዲሱ ቦይለር ከተተከለ በኋላ ለእህቴ ሐዘን ስለደረሱን ነው። ልክ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ሲሉኝ ግድግዳው ተመታ። ቤቱን የሞላው ጎረቤት ሰው ያንኳኳ መስሎት ወደ በሩ ዞረ። እርስዎ ብቻ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ተመለከቱ፤ ከዚያም ደህና ሁኑ እንኳ ሳይሉ ደረጃውን በሩጫ ወረዱ። ድምፁን ከሁላችን ይልቅ ያውቁት ኖሯል። እንግዲህ ይህን ያህል ካወቁ፣ ከታች ያሉት ልጆች ሳይጠሩ ሰፊውን ቱቦ ይመልሱልን ብዬ በትሕትና እለምናለሁ።

ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣
ሲንኳኳ ብድግ ከሚል ቤተሰብ የቀረሁት እኔ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያን ዕለት ሲቸኩሉ ጃንጥላዎን ረስተዋል። እንዳይጠፋ መታጠቢያ ቤት፣ ከቦይለሩ ሥር ሰቅዬዋለሁ። ሲመችዎ ራስዎ ገብተው ይውሰዱት፤ ውሃውን ቀደም ብዬ አሞቅልዎታለሁ።