ከመዝገቡ ስለወጡት አርባ አንድ ሰዎች

ለክቡር አቶ ሙሉዓለም ይግዛው፣
የወረዳችን የመሬት መረጃ ክፍል ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ለእርስዎ ጤናና ዕድሜ ከመመኘት ቦዝኜ አላውቅም፤ በወረዳችን በሕይወት መኖር የእርስዎን በጎ ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ምኞቴ በርትቷል። የወረዳውን ስም አልጠቅስም። ነገሩ የነካው ሰው ያውቀዋል፤ ያልነካውም ተራው እስኪደርስ ባያውቀው አይጎዳም።

ደብዳቤውን ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ውባለም ተክለ ሃይማኖት እባላለሁ፤ ሙያዬ የኮምፒውተር ፕሮግራም መሥራት ነው። ከባልደረባዬ ከደምሌ ጋር ለወረዳው ቢሮዎች «ጠረጴዛ» የተባለውን ሲስተም ሠርተናል። አንድ የቀበሌ ጸሐፊ የትኛውም ያረጀ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ብራውዘር ሲከፍትና የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ፣ የራሱ ዴስክቶፕ ከነፋይሎቹና ከነአፕሊኬሽኖቹ ትናንት ትቶት እንደሄደ ይመጣለታል። ገበሬው ለአንዲት ማመልከቻ ከቀበሌ ወረዳ በእግሩ እንዳይመላለስ ብለን የደከምንበት ሥራ ነበር። ክቡርነትዎም በምረቃው ዕለት «ከእንግዲህ አንድም ባለጉዳይ አይጉላላም» ብለው ነበር። ቃልዎን ጠብቀዋል፤ የሌለ ሰው አይጉላላምና።

ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩. ስለጣሉብኝ እምነት አመሰግናለሁ። ባለፈው ጥቅምት ቢሮዎ አስጠርተው፣ በመሬት መዝገቡ ላይ «ማጽጃ» የሚባል አፕሊኬሽን እንድንጨምር አዘዙን፤ የሞቱና አካባቢውን ለቀው የሄዱ ባለይዞታዎችን ከመዝገቡ የሚያወጣ። ሠራነው። ነገር ግን ማንም ስም ከመውጣቱ በፊት ሦስት የቀበሌ ሽማግሌዎች የሚያረጋግጡበት መስኮት አስገባንበት። እርስዎ አይተው፣ «ይቺን አንሷት፤ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ሥራ አይቆምም» አሉን። ደምሌ፣ «በስህተት የወጣ ሰው ቢኖር ማን ይመልሰዋል?» ብሎ ጠየቀ። ፈገግ ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ ጥያቄ ታበዛለህ» አሉት።

መስኮቷን ያነሳኋት እኔ ነኝ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ይህንን የምጽፈው ክብሩን ሁሉ ለእርስዎ ሰጥቼ የራሴን ድርሻ መደበቅ ነውር ስለሚሆንብኝ ነው።

፪. ወይዘሮ የኔነሽን ስላሳረፉልን አመሰግናለሁ። ወይዘሮ የኔነሽ ባላቸው የሞተባቸው፣ በደጋው ላይ ገብስ የሚያበቅል ማሳ ያላቸው ሴት ናቸው። በጥር ወር ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት መካነ ኢየሱስ ከተማ ሄዱ፤ ሕፃኑ በአርባ ቀኑ ክርስትና እስኪነሳም ቆዩ። በመጋቢት ሲመለሱ አንድ የማያውቁት ሰው በሬ ጠምዶ ማሳቸውን ሲያርስ አገኙት። «ባለቤት የለውም ተብሎ ነው የተሰጠኝ» አላቸው።

ወረዳ ሲመጡ እኔ እዚያው ክፍል ፕሪንተር እያስተካከልሁ ነበር። ጸሐፊው ስማቸውን ፈልጎ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረውና፣ «እናቴ፣ በታኅሣሥ ሞተዋል ነው የሚለው» አለ። ማንበብ ባይችሉም ረጅም ጊዜ ስክሪኑን ተመለከቱት።

«አንተ ራስህስ ምን ይታይሃል?» አሉት።

«እኔማ አያለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ሲስተሙ ግን አይቀበልም።»

«እንግዲያስ የት እንደቀበራችሁኝ ንገረኝ፤ ሄጄ ልየው።»

ጸሐፊው ስክሪኑን ወደ ራሱ መለሰው። እኔም ከፕሪንተሩ ጀርባ ቀና ማለት አቃተኝ፤ ከክፍሉ ውስጥ ያነሳሁትን መስኮት የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ።

፫. ስለ ሥራ ትጋትዎ አመሰግናለሁ። ጠረጴዛ ማን መቼ ምን እንደነካ ይመዘግባል። ከደምሌ ጋር ያንን ከፍተን ስናይ፣ በታኅሣሥ አንድ ቀን ከሰባት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ፣ በክቡርነትዎ ስም፣ አርባ አንድ ሰዎች ከመዝገብ ወጥተዋል። ተስቦ እንኳ እንዲህ አይፈጥንም። የሁሉም ማሳ አዲሱ የመኪና መንገድ ያልፍበታል፣ ካሳም ይከፈልበታል በተባለው ተዳፋት ላይ ነው።

ደምሌ ሰው በክፉ የማይጠረጥር ሰው ነው። «ምናልባት የማናውቀው ነገር ይኖራል፤ በአክብሮት ጠይቄ ልምጣ» ብሎ ጃኬቱን ወንበር ላይ ትቶ ወደ ቢሮዎ መጣ። አልተመለሰም። በማግሥቱ ፋይሉ ላይ «በራሱ ፈቃድ ሥራ ለቋል» ተብሎ ተጽፎ ነበር። አከራዩ ወይዘሮ ታደለች እንደነገሩኝ፣ ሁለት ትሑት ሰዎች ታርጋ በሌለው መኪና አምጥተውት ልብሱን አስይዘው ወስደውታል። «ለስብሰባ ነው አሉኝ» አሉ ወይዘሮ ታደለች፤ «ልጁ ግን ደህና ዋዪ እንኳ አላለኝም።» ይኸው ወር አለፈ። ስልኩ ዝግ ነው። እናቱ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ይደውሉልኛል፤ የምነግራቸው የለኝም።

፬. የአርባ አንዱን ሰዎች ዝርዝር አትሜ ለደብራችን ሰባኪ ለመምህር ገብረ መድኅን ሰጠኋቸው። እሳቸውም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቆመው ስም በስም ጠሩት። ሠላሳ ስምንቱ ከሕዝቡ መካከል «አለሁ» አሉ። ሦስቱ በእርግጥ ሞተዋል፤ ስለዚህ መዝገብዎ ከላይ እስከ ታች ሐሰት ነው የሚሉትን አጥብቄ እቃወማለሁ። ወይዘሮ የኔነሽ ስማቸው ሲጠራ ሁለት ጊዜ «አለሁ» አሉ፤ አንዱ ሳይሰማ እንዳይቀር ሰግተው ይመስለኛል።

በማግሥቱ ሠላሳ ስምንቱም ፍርድ ቤት ሄዱ። ፍርድ ቤቱ እርሻው እንዲታገድ አዝዞ ለሰኔ ቀጥሯቸዋል። የወይዘሮ የኔነሽ ማሳ ግማሹ ታርሶ፣ ግማሹ እንዳለ ቀርቷል፤ ዘንድሮ ገብስ አይዘሩም።

፭. በመጨረሻም ስለ ጥበቃው አመሰግናለሁ። ከዚያች እሑድ ወዲህ ታርጋ የሌለው መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ከቤቴ ፊት ለፊት ይቆማል። በውስጡ ያሉት ሰዎች በእርግጥም ትሑቶች ናቸው፤ በስሜ ጠርተው ሰላምታ ይሰጡኛል። በፋይሌም ላይ «በራሷ ፈቃድ ሥራ ለቃለች» የሚል ደብዳቤ ተዘጋጅቶ ቀኑ ብቻ ባዶ መተዉን አይቻለሁ። ቀኑን እንድመርጥ ዕድል ሊሰጡኝ አስበው ከሆነ ልባዊ አክብሮቴን እገልጻለሁ፤ አልመረጥሁም።

ለሰው ነፍስ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ እያደነቅሁ፣ ለሰኔው ቀጠሮ በሙሉ ጤንነት እንዲደርሱ እየተመኘሁ፣ ይህ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ በመዝገብዎ የምገኝ፣

ውባለም ተክለ ሃይማኖት
ሚያዝያ መጨረሻ

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ሁሉም እንዲያነበው ልለጥፍ ስል የጠረጴዛን መዝገብ አየሁ። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የደምሌ ዴስክቶፕ ተከፍቷል፤ የተከፈተውም ከክቡርነትዎ ቢሮ ኮምፒውተር ነው። የይለፍ ቃሉ አልተቀየረም፤ በመጀመሪያው ሙከራ በትክክል ተጽፏል። ደምሌ ያንን ቃል ለእኔ እንኳ ነግሮኝ አያውቅም። ሲነግርዎት የት ነበር? እናቱ እሑድ ሲደውሉ ምን ልበላቸው?