የደፈረሰ ውሃን በድምፅ ያዩት የአቶ ዘገዬ እምሩ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዘገዬ እምሩ ከአባታቸው ከአቶ እምሩ መርሻና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺዓለም ገብረዮሐንስ በጥቅምት ወር 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ተወለዱ። ፊደል በአራዳ ጊዮርጊስ ቆጥረው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውንም አጠናቀው፣ ፒያሳ ውስጥ ሬዲዮ ሲጠግኑ ቆዩ። በ1953 ዓ.ም. በመንግሥት መሥሪያ ቤት በግድብ ጥገና ክፍል ተቀጠሩ። በ1956 ዓ.ም. ከወይዘሮ ደብሪቱ ተክለሃይማኖት ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

በ1968 ዓ.ም. ወደ ውጭ አገር ተልከው በድምፅ የውሃን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ አሠራር ተምረው ተመለሱ። መሣሪያው ከጀልባ ላይ ድምፅ ወደ ውሃው ይልካል፤ ነጥሮ የተመለሰውን በወረቀት ላይ ይስለዋል። ጠላቂ የገዛ እጁን በማያይበት ድፍርስ ውሃ የግድቡ ስንጥቅም ዓሣውም የሚታየው በዚህ ነው። የውቤ በረሃ ጓደኞቻቸው «በጆሮው ፎቶ የሚያነሳ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ከከተማ ውጭ ያለ ግድብ ሲመረምሩ በውሃ መልቀቂያው በር ሥር ትልቅ ክምር ታያቸው፤ የተጣለ ድንጋይ ነው ብለው አመለከቱ። የግድቡ ዘበኛ አቶ አስገዶም ተክላይ በየቀኑ ውሃው ውስጥ አንዳች ነገር ሲጥሉ ይታዩ ነበርና በአሻጥር ተጠርጥረው ታሰሩ። በአሻጥር መታሰር ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ለተሰበሰበው ሰው መንገር አያስፈልግም።

የዘበኛው ባለቤት ወይዘሮ ንግስቲ ፒያሳ አቶ ዘገዬ ቤት ድረስ መጥተው፣ ባላቸው የሚጥሉት ለዓሣ የሚሆን የምሳ ትርፍራፊ መሆኑን ነገሯቸው። አቶ ዘገዬ እንቅልፍ አጡ። ወደ ግድቡ ተመልሰው መሣሪያቸውን ቢያወርዱ ክምሩ የለም። ትርፍራፊ ጥለው ቢጠብቁ ክምሩ ተመልሶ መጣ፤ ለካ የአምባዛ ዓሣ መንጋ ኖሯል። አንተም ትታሰራለህ ብሎ የለመናቸውን ሁሉ አልፈው፣ ሁለቱን ሥዕሎች ይዘው መርማሪዎቹ ዘንድ ቀረቡ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ዓሣ ነው ያበላው» አሉ። አቶ አስገዶም ተፈቱ፤ አቶ ዘገዬ ግን ከመሣሪያው ተነስተው ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ። በዚህ ሲያማርሩ ቤተሰቡ ሰምቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከፒያሳ የደረቀ ዳቦ በከረጢት ይዘው ይሄዱና ከአቶ አስገዶም ጋር ሆነው ለዓሦቹ ይጥሉ ነበር። ዘንድሮ መስከረም ሕመሙ ስለበረታባቸው ከረጢቱን በልጃቸው በአይናዲስ ላኩ።

አቶ ዘገዬ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 3 ቀን 1980 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ልጆቻቸው አይናዲስና ዓምደሚካኤል በሐዘን ላይ ይገኛሉ። አስከሬናቸውን ከፊት ካልያዝኩ ብለው ቤተሰቡን የለመኑት አቶ አስገዶም ናቸው።

በደፈረሰው ውስጥ እውነቱን ተመልሰው የፈለጉትን የአቶ ዘገዬን ነፍስ እግዚአብሔር በጠራው ውሃ ዘንድ ያሳርፍልን።