ወፍ እየጠበቅሁ ያወጣሁት ዕቅድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጧት
ማማው ላይ ነኝ። ወንጭፉ ጉልበቴ ላይ። ግሪሳ ወፉ እስካሁን የለም። ማሽላውና እኔ ብቻ። አንች ደብተር ባትኖሪ ከማን ጋር እጣላ ነበር?
ትላንት አልማዝ ደወለች። ታላቅ እህቴ፣ ኮቦ መናኸሪያው አጠገብ ጸጉር ቤት ያላት። እሁድ ትመጣለች። እስከዚያ ዕቅድ አውጭ አለች። ወይ እሷ ጋ ሹሩባ፣ ወይ ሳውዲ፣ ወይ ት/ቤት። አሥራ ሰባት ሞልቶሽ ወፍ ስትጠብቂ አትኖሪም አለች።
ሹሩባ? ደንበኛዋ አመመኝ ስትል ጭራሽ ነው የማጠብቀው። ሳውዲ? በዚህ አፌ ሰው ቤት ገብቼ? በሳምንቴ ይመልሱኛል። ት/ቤት... ተይው።

ማክሰኞ 11
ዕቅድ፦ አለመቆጣት።
እስከ ረፋድ ቆየ።
አጎራባች ማሳ ያለችው እትየ ለተብርሃን ናት። ቤተሰቦቿ ከማይጨው በኩል የመጡ። ማሽላው ረጅም ስለሆነ አንተያይም፤ ቀኑን ሙሉ በድምፅ ነው የምንገናኘው። ግሪሳ ሲመጣ አንዷ “ሆ!” ካለች ሌላዋም ትነሳለች። አለዚያ ከኔ የተባረረው እሷ ላይ ነው የሚያርፈው።
ዛሬ ወፉን አባረን ስንጨርስ ጮክ ብላ፦ “አንች! ዘጠነኛ ክፍልን አባረርሽው ወይስ አባረረሽ?”
ሳቀች። ያኔም እንዲህ ነው የሳቁት። ሰሌዳ ፊት ቆሜ ተሳሳትሁ፣ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ ጠመኔውን ወርውሬ ወጣሁ። በዚያው ቀረሁ። ማንም አላባረረኝም።

ሐሙስ 13
ክፉ ሥራ ሠራሁ። ግሪሳው እንደ ደመና መጣ። “ሆ!” ሳልል፣ በወንጭፍ ብቻ፣ ወደ እትየ ለተብርሃን ማሳ ነዳሁት። እስክትነቃ ዳር ዳሩ ተበላ። ስትጮህ ሰማኋት፤ ብቻዋን። አልመለስሁላትም።
ደስ ይለኛል ብየ ነበር።

ዓርብ 14
ድምፅዋ የለም። ወፍ ሳይኖር ሁለቴ ጮህሁ። ዝም። ለካ ቀኑን ሙሉ የማናግረው ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ተረቧ እንኳ ናፈቀኝ።

ቅዳሜ 15። ከሰዓት
ሄድሁ። ማሽላውን እየገለጥሁ። ማማዋ ላይ ቆርቆሮ ትደበድባለች። ብቻዋን ስትጮህ ጉሮሮዋ ተዘግቷል። እኔ ነኝ የነዳሁብሽ አልኋት። አውቃለሁ አለች፣ በሹክሹክታ። ከዚያ፦ “ድምፅሽ ዋጃ ከተማ ድረስ ይሰማል፣ የኔ ልጅ። ለተንኮል ሲሆን ነው የሚጠፋው?”
መሬት ብትውጠኝ። ወፍ መጣ፤ ለሁለታችንም ጮህሁ።
ኋላ ጉድ ነገረችኝ። ማታ ትማራለች! አራተኛ ክፍል። በሷ ዕድሜ! ስታነብ ይስቁባታል። ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ ብላት፦ “ስቀው እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ። ከዚያ ካቆምሁበት እቀጥላለሁ።”
ዘጠነኛም አለ ማታ። ባለ ባጃጁም፣ ያገባችውም፣ ሁሉም እዚያ ነው አለች። ምዝገባው አላለቀም።

እሁድ 16። ጧት
አልማዝ መንገድ ላይ ናት።
ዕቅዴ፦ የማታ ዘጠነኛ ክፍል። ከእትየ ለተብርሃን ጋር እየሄድሁ። አለመቆጣትን ሰረዝሁት። እሱ የሌላ ሰው ዕቅድ ነው። የኔ ትንሽ ናት። ሲስቁብኝ እቆጣ ይሆናል፣ እሳደብም ይሆናል። ደወል ሳይደወል ግን ከክፍል አልወጣም።
ፈርቻለሁ? አዎ።
ቆይ። ከወዲያ ማሳ። የተሰነጠቀ ድምፅ፣ ግን የሷ ነው። “ሆ!”
መጣሁ፣ እትየ ለተ...